ፈረስን በክረምት በንጽሕና ስለ መጠበቅ፤ የራስና የአንገት ቆብ አሠራርና አጠቃቀም

ክረምት ሲቃረብ ገበሬ ለራሱ ገሳውን ያበጃል፤ ለቤቱ ክዳኑን ያድሳል፤ ለእህሉ ጎተራውን ይመርጋል። ለፈረሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘጋጅለት ነገር የለም። «ፈረስ ጠጉር ያለው ከብት ስለ ሆነ ዝናብ አይጎዳውም» እየተባለ በደጅ ይታደራል። መስከረም ጠብቶ ኮርቻ ሲጫንበት ወይም ጋሪ ሲጠመድበት ግን ጉዳቱ ይገለጣል። ጀርባው ይላጣል፤ በጋማው ሥር ቅርፊት ይገኛል፤ ጠፍሩ የሚያርፍበት የአንገቱ ቦታ ይቆስላል። ባለቤቱም ፈረሱን ለማሳረፍ ይገደዳል። የሚያሳርፈውም መንገዱ በደረቀበት፣ ገበያውም በደመቀበት፣ ከፈረሱ ብዙ ጥቅም በሚገኝበት ወራት ነው።

በአገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረሶች ይገኛሉ። በሰላሌ፣ በባሌ፣ በአገው ምድርና በሌሎቹም ደጋ አገሮች ፈረስ የኮርቻ ከብት ነው። በውቂያ ጊዜ በአውድማ ላይ ይነዳል። በከተሞችና በከተማ ዳር ደግሞ ጋሪ እየሳበ ለብዙ ቤተ ሰብ የዕለት እንጀራ ያስገኛል። ስለዚህ ፈረስን በክረምት በንጽሕና መጠበቅ ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ንብረትን መጠበቅ ነው።

በዚህ ትምህርት የፈረስን ራስና አንገት ከጭቃ የሚከልል ልብስ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚያዝ እናስረዳለን። ይህን ልብስ ለአጠራር እንዲያመች «ቆብ» እንለዋለን። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቆብ የሚጠቅመው ደረቅ ሲሆንና በየቀኑ ሲወልቅ ብቻ ነው። የረጠበ ወይም ሳይወልቅ የከረመ ቆብ ከጭቃው የባሰ ጉዳት ያመጣል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

1. ጭቃና እርጥበት ፈረስን የሚጎዱት እንዴት ነው?

የፈረስ ጠጉር ከተፈጥሮው ዝናብን ለመከላከል የተሠራ ነው። ከቆዳው የሚወጣው ወዝ ጠጉሩን ስለሚቀባው ካፊያ ሲወርድበት ውሃው በላይ በላዩ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ከሥር ያለው ጠጉር ደረቅ እንደ ሆነ ይቆያል። በጠጉሮቹ መካከል የሚገኘውም አየር የሰውነቱን ሙቀት ይይዝለታል። ነገር ግን ዝናቡ ለብዙ ሰዓት ሳያቋርጥ ሲወርድ ወይም ፈረሱ በጭቃ ላይ ሲንከባለል ይህ መከላከያ ይፈርሳል። ጠጉሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ አየሩ ይወጣል፤ ብርዱም እስከ ቆዳው ድረስ ይዘልቃል። ይህ የመጀመሪያው ጉዳት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት መፋቅ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ከውስጡ የሚቀረው አፈርና አሸዋ ነው። ጭቃው ሳይራገፍ ኮርቻ ወይም የጋሪ ጠፍር ቢታሰርበት ፈረሱ በተራመደ ቁጥር አሸዋው በጠፍሩና በቆዳው መካከል እየተንከባለለ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። በቶሎ የሚቆስሉት ቦታዎች ጆሮ ኋላ የልጓሙ ጠፍር የሚያልፍበት፣ የጋማው ሥር፣ ደረቱ፣ እንዲሁም አንገቱ ከጀርባው ጋራ የሚገናኝበት ጉብታ ናቸው። ከነዚህም አብዛኞቹ ቆቡ የሚሸፍናቸው ቦታዎች መሆናቸውን ያስተውሉ።

ሦስተኛው ጉዳት በሽታ ነው። ደርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ የሚባል በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ አለ። በበጋ በቅርፊትና በቆዳ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ቆዳው በዝናብ ሲርስና ሲላላጥ ግን ይነሣል። ያን ጊዜ በጀርባ፣ በአንገትና በእግር ላይ ጠጉር የቋጠረ ቅርፊት ይወጣል። ቅርፊቱ ሲነሣ ጠጉሩን እንደ ትንሽ ብሩሽ አድርጎ ይዞ ይነሣል፤ ሥሩም ቀይና እርጥብ ሆኖ ይታያል። ይህ ደዌ አልፎ አልፎ ወደ ሰው እጅም ስለሚተላለፍ እንዲህ ያለውን ፈረስ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

2. ቆብ የሚያስፈልገው ለየትኛው ፈረስ ነው?

በእንግሊዝ አገርና ብርድ በበዛባቸው በሌሎች አገሮች ፈረስን ከራሱ እስከ ጅራቱ ማልበስ የቆየ ልማድ ነው። በነዚያ አገሮች በክረምት የሚሠራ ፈረስ ላቡ ቶሎ እንዲደርቅ ጠጉሩን ይከረከማል፤ ከተከረከመ በኋላም ራቁቱን ስለሚሆን ልብስ ግድ ይሆንበታል። የእኛ ፈረስ ጠጉሩ አይከረከምም። የእኛም ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቅ የዝናብና የጭቃ ወራት ነው እንጂ የበረዶ ወራት አይደለም። ስለዚህ የነሱን ልማድ እንዳለ መቅዳት አይገባም፤ ለእኛ አገር የሚበጀውን ብቻ መርጦ መውሰድ ይሻላል።

ሥራ ፈትቶ በመስክ የሚግጥ፣ ጤነኛና ሥጋው የሞላ ፈረስ ቆብ አያስፈልገውም። ለእርሱ የሚጠለልበት ጣራና የሚቆምበት ደረቅ መሬት ይበቃዋል። ቆብ የሚጠቅመው፦

ሀ. በክረምትም ሥራ ለማይቋረጥበት ለጋሪና ለኮርቻ ፈረስ፤

ለ. በየቀኑ በጭቃ እየተንከባለለ ልጓምና ጠፍር በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጭቃ ለሚለጠፍበት ፈረስ፤

ሐ. ለከሳና ላረጀ ፈረስ፤ በተለይም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ባለው በደብረ ብርሃን አካባቢ እንዳለው ብርድ በሚጸናበት ደጋ፤

መ. ለበዓል ወይም ለገበያ ጋማውን በንጽሕና ማቆየት ለሚፈለግለት ፈረስ ነው።

በአዊ የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይከበራል። በዚያ ቀን ጋማው ያማረ፣ ጀርባው ያልተላጠ ፈረስ የሚታየው በዋዜማው ስለ ታጠበ ብቻ አይደለም። የፈረስ መልክ የሚጠበቀው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

3. የጨርቁ ምርጫ

ለቆብ ከሁሉ የሚሻለው በቤት የሚገኘው የቃጫ ጆንያ ነው። ቃጫ አየር ያሳልፋል፤ ከውስጥ የሚወጣው ላብ በላዩ አልፎ ይተናል። ጆንያው አሮጌ ቢሆን ይመረጣል፤ ስለ ለሰለሰ ቆዳ አይፍቅም። አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ተለቅልቆ፣ በፀሐይ መድረቅ አለበት። ቃጫ ሲታጠብ ስለሚኮማተር ከመታጠቡ በፊት አይቁረጡት። ጆሮንና ጋማን የሚነካው ውስጠኛው ክፍል ገበር ያስፈልገዋል፤ ለዚህም አቡጀዲ ወይም ያረጀ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

ባና ሞቃት ነው፤ ነገር ግን ውሃ ከጠጣ በኋላ እጅግ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ስለዚህ ለቤት ውስጥ እንጂ ለደጅ አይሆንም።

የላስቲክ ልብስ አይጠቀሙ። ላስቲክ ዝናቡን ከላይ ቢከለክልም ላቡን ከሥር ያፍነዋል፤ ፈረሱም ዝናብ ሳይነካው ይረጥባል። ማዳበሪያ የሚታሸግበት ጆንያም እንዲሁ ላብ ያፍናል፤ በነፋስ ሲንኮሻኮሽ ፈረስ ያስደነግጣል፤ በውስጡ የቀረውም ማዳበሪያ ቆዳ ያቃጥላል። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ማናቸውም ከረጢት ቢታጠብም እንኳ ለከብት ልብስ ፈጽሞ አይሆንም።

አንድ ፈረስ ሁለት ቆብ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ሲለበስ ሌላው ይደርቃል። ሁለት ለመሥራት ካልቻሉ አንዱ እስኪደርቅ ድረስ ፈረሱ ያለ ቆብ ይዋል እንጂ እርጥቡን አያልብሱት።

4. ልኬትና ስፌት

በዚህ ትምህርት የምንመክረው ቆብ ፊትን አይሸፍንም። ከጆሮዎቹ ፊት ሁለት ጣት ያህል ቀድሞ ይጀምራል፤ ጆሮዎቹን በሁለት ቀዳዳ ያሳልፋል፤ አንገቱን ከነጋማው ሸፍኖ ከጉብታው አንድ ስንዝር ያህል አልፎ ያበቃል። ዓይን፣ ጉንጭና አፍንጫ ክፍት ይሆናሉ። ፊትን የሚሸፍን ልብስ ጥቂት የተንሸራተተ እንደ ሆነ ዓይን ይጋርዳል፤ ዓይኑ የተጋረደበት ፈረስም ደንብሮ ገደል ይገባል ወይም ሰው ይረግጣል።

ልኬቱ በገመድ የሚወሰደው እንደሚከተለው ነው፦

አንደኛ፣ ርዝመቱን ከጆሮ ፊት ጀምረው በጋማው ላይ እስከ ጉብታውና ከዚያም አንድ ስንዝር አልፈው ይለኩ። ይህን ሲለኩ ፈረሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሣር እየጋጠ ይሁን። ፈረስ ሲግጥ አንገቱ ስለሚዘረጋ ቀና ባለ ጊዜ የተለካ ቆብ ጎንበስ ባለ ቁጥር ጋማውን እየሳበ ይነቅለዋል።

ሁለተኛ፣ ከመንጋጋው ኋላ ጉሮሮውን ዙሪያውን ይለኩ፤ በዚህም ላይ አንድ ጋት ይጨምሩ።

ሦስተኛ፣ አንገቱ ከደረቱ ጋራ በሚገናኝበት ዙሪያውን ይለኩ፤ በዚህም ላይ ሁለት ጋት ይጨምሩ።

ከዚህ በኋላ የጆንያውን ስፌት ፈትተው ጨርቁን ይዘርጉት፤ አንዱ ካልበቃ ሁለቱን ያያይዙ። ጨርቁን ለሁለት ይጠፉት። እጥፋቱ በጋማው ላይ የሚያርፈው ክፍል ነው፤ በዚህ በኩል ስፌት እንዳይኖር ይጠንቀቁ፤ በጋማ ላይ የሚያርፍ ስፌት ቆዳ ይፍቃል። ከእጥፋቱ ወዲያ ያለውን ክፍል በጉሮሮ በኩል ጠባብ፣ በደረት በኩል ሰፊ አድርገው ይቁረጡት።

የጆሮውን ቀዳዳ በመጀመሪያ በመስቀል ቅርጽ ትንሽ ብቻ ቀደው በፈረሱ ላይ ይሞክሩት፤ ከዚያ በልኩ ያስፉት። ጆሮው ሳይታጠፍ እንደ ልቡ መዞር አለበት። የቀዳዳውን ጠርዝ በአቡጀዲ ይለጥፉት። ማናቸውም ስፌት ሸካራው ወገን ወደ ውጭ ይሁን።

ማሰሪያው ከቀጭን ጨርቅ ይሠራ። ሦስት ማሰሪያ ከአንገቱ ሥር ይበቃል፤ አንዱ ከጉሮሮ፣ አንዱ ከመካከል፣ አንዱ ከደረት በላይ ይሁን። ከኋላ ደግሞ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ከፊት እግሮቹ ኋላ በሰውነቱ ዙሪያ በሚታሰር ሰፊ መቀነት ላይ በሁለት ወገን ይያያዝ። ጠፍር፣ ሽቦና ናይለን ገመድ ለማሰሪያ አይሆኑም። ቆቡ በአጥር ወይም በእሾህ ቢያዝ ጨርቁ ይበጠስ እንጂ ፈረሱ መታነቅ የለበትም። ቋጠሮውም ጫፉ ሲሳብ ወዲያው የሚፈታ ይሁን።

ቆቡ ከተሰፋ በኋላ በፈረሱ ላይ አድርገው በአንገቱ ሥር እጅዎን በሙሉ ያስገቡ። እጅዎ በቀላሉ ከገባና ከዞረ ልኩ ነው። ካልገባ ጠቧል፤ ፈትተው ያስፉት።

5. ፈረሱን ማልመድ

ቆብ በዝናብ ቀን በድንገት የሚጫን ነገር አይደለም። ማልመድ የሚጀመረው ዝናቡ ሳይበረታ በሰኔ መግቢያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጨርቁን ያሽትተው፤ ከዚያ በአንገቱ ላይ ጥቂት ጊዜ አኑረው ያንሡለት። በሁለተኛው ቀን ጆሮዎቹን አንድ በአንድ ቀስ አድርገው ያሳልፉ፤ ገብስ እየበላ ጥቂት ይቆይ። በሦስተኛው ቀን ያስሩለትና በለኮ ይዘው ያራምዱት፤ ውሃ ያጠጡት፤ ሣር ያስግጡት። ሲያለብሱትም ሲያወልቁትም በግራው በኩል ይቁሙ፤ በፊቱ ቀጥታ አይቁሙ። የሚፈራ ከሆነ አይምቱት። በዱላ የለበሰ ፈረስ ሁለተኛ ጊዜ ራሱን አያስነካም።

6. የየቀኑ ሥራ

ጧት፦ ቆቡን ያውልቁ። ከጆሮ ኋላ፣ ከጋማው ሥርና ከጉብታው ላይ በጣትዎ እየዳበሱ ይመርምሩ። ትኩስነት፣ እብጠት፣ ቅርፊት ወይም ጠጉር የተመለጠበት ቦታ ካገኙ በዚያ ቀን ቆብ አያድርጉለት። የደረቀውን ጭቃ በብሩሽ ወይም በተጠቀለለ ጭድ በጠጉሩ አቅጣጫ ያራግፉ። እርጥብ ጭቃ አይፈተግም፤ ቢፈተግ አፈሩ ወደ ቆዳው ይገባል። እስኪደርቅ ይታገሡ፤ ሥራው የሚቸኩል ከሆነ ኮርቻና ጠፍር የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በንጹሕ ውሃ አጥበው በጨርቅ ያድርቁት። በክረምት መላ ሰውነቱን ደጋግሞ በሳሙና ማጠብ ወዙን ስለሚያጠፋ ጠጉሩ ዝናብ መከላከል ያቅተዋል።

ከሥራ ሲመለስ፦ ፈረሱ ካላበው ወዲያው ቆብ አያድርጉበት። ትንፋሹ እስኪረጋ በዝግታ ያራምዱት። ላቡንና ዝናቡን በጭብጥ ጭድ ፈትገው ያራግፉለት። ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ይህን ዘዴ ይጠቀሙ፤ በጀርባውና በአንገቱ ላይ ደረቅ ጭድ ሳሳ አድርገው ይነስንሱ፤ በላዩም ደረቅ የቃጫ ጆንያ ጣል አድርገው በመቀነት ሳያጠብቁ ይሰሩት። በጭዱ መካከል ያለው አየር ሙቀቱን ይይዛል፤ እርጥበቱም በጆንያው በኩል ይወጣል። ጠጉሩ ሲደርቅ ጭዱንና ጆንያውን ያንሡ። ከዚያ በኋላ ደረቁን ቆብ ማልበስ ይቻላል።

ማታ፦ እጅዎን ከቆቡ ሥር አስገብተው ይዳስሱ። ደረቅና ለብ ያለ ከሆነ መልካም ነው። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ወዲያው ያውልቁ። ያወለቁትን ቆብ ከታዛ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይስቀሉት፤ ከምድጃ አጠገብ አይስቀሉት፤ ቃጫ በብልጭታ ይቀጣጠላል። በሳምንት አንድ ጊዜም ይጠቡት።

የቃጫ ቆብ ካፊያና ጭቃ ይከላከላል እንጂ ኃይለኛ ዝናብ አይመክትም። ዶፍ ሲወርድ ፈረሱን ወደ ጣራ ሥር ማስገባት እንጂ በቆቡ ተማምኖ በደጅ መተው አይገባም።

7. ቆብ የማይደረግበት ጊዜ

ሀ. ፈረሱ እርጥብ ወይም ያላበው ሲሆን፤

ለ. ጭቃው ሳይራገፍለት፤

ሐ. ፀሐይ በወጣችበት በሞቃት ቀን፤

መ. ቁጥቋጦና እሾህ በበዛበት መስክ ብቻውን ሲለቀቅ፤

ሠ. በቆዳው ላይ ቁስል፣ ቅርፊት ወይም እብጠት ሲታይ፤

ረ. ትኩሳት ሲኖረው። የጤነኛ ፈረስ የሰውነት ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ዕረፍት ላይ ሳለ በአንድ ደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል።

8. ቆብ በሽታን እንዳይሰውር ስለ መጠንቀቅ

አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ቆብም ያግዛል እንጂ አያክምም። እንዲያውም ባለቤቱ ከዘነጋ በሽታን ይሰውራል። ከቆብ ሥር በተለይ የሚከተሉትን ሁለት በሽታዎች መፈለግ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በመስመር እንደ መቁጠሪያ የሚደረደር እብጠት የሚያመጣው በሽታ ነው። መነሻው ሂስቶፕላዝማ የሚባል የሻጋታ ዘር ሲሆን የሚገባው በቁስል በኩል ነው። በፊት፣ በአንገት፣ በደረትና በእግር ላይ እብጠቶች ይወጣሉ፤ ይፈነዳሉ፤ መግል ያፈሳሉ። ብርድ በሚጸናበት ደጋ ብዙ አይታይም፤ ሞቃትና እርጥብ በሆነው ወይና ደጋ ግን የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ ይጎዳል። ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚያደርሱት ዝንብና በጋራ የሚሠራበት ዕቃ ናቸው። ስለዚህ ቆብ፣ ኮርቻ፣ ጠፍርና ብሩሽ ከጎረቤት አይዋሱ፤ አያውሱም። ጎረቤት እንዳይቀየም ቢፈሩ ምክንያቱን ያስረዱት፤ ለእርሱም ፈረስ የሚበጅ ነገር ነው። እንዲህ ያለ እብጠት ያዩበትን ፈረስ ከሌሎቹ ይለዩ፤ ቆቡን ያቃጥሉ፤ ሳይውሉ ሳያድሩም የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ለማዳን እጅግ ያስቸግራል። በጋለ ብረት መተኮስ ግን ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ አያድነውም።

ሁለተኛው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን የሚያስተላልፉት በምሽትና በሌሊት የሚነክሱ ደቃቅ ትንኞች ናቸው። ክረምቱ እየወጣ ሲሄድ ትንኙ ስለሚበዛ በሽታውም ያን ጊዜ ይበረታል። ምልክቱ ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠርና ከአፍንጫ አረፋ መውጣት ነው። ብዙ ጊዜ ፈረሱን በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድለዋል። ቆብ የአንገቱን መነከስ ጥቂት ቢቀንስም ይህን በሽታ አያግድም። የሚያግደው ክትባት ነው። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም በአገር ውስጥ ይሠራል። ወራቱ ሳይደርስ በወረዳዎ ያለውን የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ይጠይቁ።

ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ በቆብ እንዳይሸፈን ያልነው አንደኛው ምክንያት ይህ መሆኑን አሁን ይረዱታል። ፊቱ የተሸፈነ ፈረስ ሕመሙን ለባለቤቱ ማሳየት አይችልም።

9. ቆብ ያለ ደረቅ ጋጣ ዋጋ የለውም

አንገቱ ንጹሕ ሆኖ እግሩ በፋንድያና በሽንት ውስጥ የሚያድር ፈረስ ንጹሕ አይባልም። የጋጣው ወለል ከደጁ ከፍ ብሎ በድንጋይ ይደልደል፤ ወደ አንድ ወገን ዘቀዘቅ ብሎ ሽንቱ በቦይ ይውጣ። ደረቅ ጭድ ወይም ሣር ይጎዝጎዝለት፤ የረጠበው ጉዝጓዝና ፋንድያው በየጧቱ ይነሣ። ፋንድያው ተከምሮ ሲበሰብስ ለጓሮ ማሳ ፍግ ስለሚሆን ድካሙ በከንቱ አይቀርም።

ጋጣው በቂ አየር እንዳለው ለማወቅ ፈረሱ ተኝቶ በሚተነፍስበት ከፍታ ጎንበስ ብለው ያሽትቱ። ዓይንዎንና አፍንጫዎን የሚያቃጥል ሽታ ካለ የፈረሱንም ሳንባ ያቃጥላል፤ ከጣራው በታች መስኮት ይክፈቱለት።

ሰኮናውን በየቀኑ አንሥተው በደነዘዘ እንጨት ያጽዱ። በሰኮናው መካከል ያለው ለስላሳ ክፍል ጠቁሮ ክፉ ሽታ ካመጣ እርጥበት እያበሰበሰው ነው፤ በደረቅ መሬት ያቁሙት፤ ለሐኪምም ያሳዩት።

10. የትምህርቱ ማጠቃለያ

ቆብ ለመሥራት የሚያስፈልገው አሮጌ ጆንያ፣ ቁራጭ አቡጀዲ፣ መርፌና ክር ነው። ከዚህ የበለጠ ወጪ የለበትም። ትልቁ ወጪ በየጧቱና በየማታው የሚሰጡት ጥቂት ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ለመስጠት የማይችሉ ከሆነ ቆቡን ባይሠሩ ይሻላል፤ ያለ ቆብ የዋለ ፈረስ ጉዳቱ ቢያንስ በዓይን ይታያል።

ትምህርቱን በሚገባ መያዝዎን ለማወቅ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለራስዎ ይመልሱ፤ ከጎረቤትዎም ጋራ ይነጋገሩባቸው።

የቆቡ ርዝመት ፈረሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሳለ የሚለካው ስለ ምንድን ነው?

ላስቲክ ዝናብ የማያስገባ ሆኖ ሳለ ለቆብ የማይሆነው ለምንድን ነው?

ላብ ያለበትን ፈረስ በጭድና በጆንያ ማድረቅ የሚቻለው እንዴት ነው?

ቆብና ብሩሽ መዋዋስ የሚያመጣው ጉዳት ምንድን ነው?

በቤትዎ ያለው ፈረስ ከቆብ ይልቅ ደረቅ ጋጣ የሚያስፈልገው አይደለምን?

የመጨረሻውን ጥያቄ «ነው» ብለው ከመለሱ መርፌና ክሩን ለጊዜው ያቆዩ፤ አስቀድመው የጋጣውን ወለል ይደልድሉ፤ ጣራውን ይክደኑ። ቆቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።